ዳቦው አዳማ፣ ባለቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ

አዳማ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የመጀመሪያው ሊጥ ምድጃ ሲገባ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ገና የዋዜማው ማታ 4 ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ ለብርዱ ወራት ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 3 ሰዓት ይሆናል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት በዚያች ከተማ የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ነው እንበል። ቀኑን ሙሉ ለአሠሪው ሲሠራ ውሎ፣ እራቱን በልቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ስልኩን ያነሳል። ዱቄት ገባ? መብራት አለ? ትናንት ስንት ተሸጠ? ታናሽ ወንድሙ ከወዲያ ማዶ ድምፁን እየጠራረገ ይመልሳል፦ «ሁሉ ሰላም ነው ጋሼ፣ አንተ ብቻ ሐሳብ አይግባህ።»

ይህች መልስ የጨዋነቷን ያህል ወሬ የላትም። ውጭ አገር ሆኖ አገር ቤት የሚነግድ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያድረው በእሷ ነው።

ሪያድ ውስጥ ደግሞ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ኮልፌ ላይ ሱቅ ያላት የቤት ሠራተኛ ሱቋ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰዓት መቀነስ መደመር አያስፈልጋትም። ችግሯ ሌላ ነው። ስልኩ በእጇ የሚገባው ማዳሟ ስትፈቅድ ነው፤ ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ በሰው መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለሙያውም የቤት ሠራተኛዋም በሰው አገር የሚኖሩት በሥራ ቪዛ ነው፣ ሁለቱም አገር ቤት ነጋዴ ናቸው። የሚያገናኛቸው ሌላ ነገር ቢኖር እያንዳንዳቸው በአሠሪያቸው ፊርማ ላይ መንጠልጠላቸው ነው።

«ዳያስፖራ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያሳስታል። በሥራ ቪዛ የሚኖር ሰውና የአሜሪካ ዜግነት የያዘው ጎረቤቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፣ በአንድ ዕቁብ ይጥላሉ፤ በሕግ ፊት ግን ለየቅል ናቸው። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቢጫ ካርድ ይዞ ብዙ መብቶችን ያገኛል፣ ዜጋ ግን አይደለም። ልዩነቱ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የያዙትን አክሲዮን እንዲለቁ አደረገ። በሩ እንደገና የተከፈተላቸው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሕግ ነው። በሥራ ቪዛ የነበረው ኢትዮጵያዊ ግን ያኔም የሚነካው ነገር አልነበረም፤ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው፣ ሙሉ ዜጋ ነው። አገር ቤት ላይ ከዜግነት ቀያሪው ይልቅ መብቱ የተሟላ ነው ማለት ይቻላል። የሚጠበው በሚኖርበት አገር ነው።

የአሜሪካው ኤች ዋን ቢ ቪዛ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተቋቋመው ይህ ቪዛ በየዓመቱ ለ65,000 ሰዎች፣ በተጨማሪም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ 20,000 ሰዎች ይሰጣል። መጀመሪያ እስከ 3 ዓመት ይፈቀዳል፣ ታድሶ እንደ ደንቡ እስከ 6 ዓመት ይደርሳል። ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው፤ ሰውየው ሊሠራ የሚችለው ስሙን ጠርቶ ላመለከተለት ድርጅት ብቻ ነው። ሥራው ቢቋረጥ ሌላ አሠሪ ለመፈለግ ወይም ሻንጣ ለመሸከፍ ቢበዛ 60 ቀን አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ደግሞ በአዳዲስ ማመልከቻዎች ላይ 100,000 ዶላር ጭኗል። ሥራውን የያዘ ሰው አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም።

ታዲያ ዳቦ ቤቱስ? ንብረት መያዝ ክልክል አይደለም። አክሲዮን መግዛት፣ ቤት አከራይቶ ኪራይ መቀበል፣ የአንድ ድርጅት ባለድርሻ ሆኖ ትርፍ መካፈል በዚህ ቪዛ አይነካም። የሚነካው «ሥራ» ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ሲጠጋጉት ግን ድንበሩ ይደበዝዛል። ማታ ማታ የአዳማውን ዳቦ ቤት ሒሳብ የሚያይ ሰው ባለሀብት ነው ወይስ ሥራ አስኪያጅ? ዱቄት አቅራቢው ጋር ደውሎ ዋጋ ቢከራከርስ? ገንዘቡም ደንበኛውም ሠራተኛውም ኢትዮጵያ ነው፤ ሰውየው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ሶፋው ላይ ነው። የኢሚግሬሽን ጠበቆች በዚህ ላይ አንድ ድምፅ የላቸውም። ጠንቃቆቹ የሚመክሩት ግን ተመሳሳይ ነው፦ ባለቤት ሁን፣ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ሰው ይሁን፣ ከድርጅቱ ደመወዝ አትውሰድ፣ የአሠሪህንም ሰዓትና ኮምፒውተር ለዳቦ ቤትህ አታውል። ምክሩ የሚከብደው ያለፈቃድ መሥራት በኋላ ግሪን ካርድ ሲጠየቅ ስለሚነሳ ነው። በሥራ በኩል ለሚያመለክቱ ሰዎች ሕጉ በድምሩ ከ180 ቀን የማይበልጥ ጥሰትን ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ግን በሩን ይዘጋል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ኢሚግሬሽንን ነው። ሳይታሰብ የሚመጣው ግን የግብሩ ጉዳይ ነው።

በአሜሪካ ግብር ሕግ «ነዋሪ» ለመባል ግሪን ካርድ አያስፈልግም። በዓመቱ ቢያንስ 31 ቀን እዚያ የቆየ፣ የዘንድሮው ቀን በሙሉ፣ ያምናው በሲሶ፣ የካቻምናው በስድስተኛ ተቆጥሮ 183 የሞላ ሰው ነዋሪ ነው። በኤች ዋን ቢ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ዓመት ሳያልፍ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ነዋሪ የሆነ ሰው ደግሞ ከየትም ዓለም ያገኘውን ገቢ ማሳወቅ አለበት፤ የአዳማው ዳቦ ትርፍም ይቆጠራል። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። ለኢትዮጵያ የተከፈለው ግብር ግን በደረሰኝ ከታየ ከአሜሪካው ላይ ሊቀነስ ይችላል። ደረሰኝ የማይቆርጥ ንግድ፣ የቀኑን ሽያጭ በሚደምረው ዜድ ሪፖርት የማይዘጋ ካሽ ሬጂስተር፣ ለባለቤቱ እዚያም ዕዳ ነው የሚሆንበት።

በዚህ ላይ የባንክ ሂሳብ ማሳወቂያ አለ። ነዋሪው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሂሳቦች በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ቅጽ 114 መሙላት አለበት። የራሱ ሂሳብ ብቻም አይደለም። ስሙ የሌለበት፣ ነገር ግን የመፈረም ሥልጣን ያለው የድርጅቱ ሂሳብም ይቆጠራል። ልወጣው የሚሠራው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዓመቱ መጨረሻ ቀን ባወጣው ምንዛሪ ነው። ይህ ለእኛ አገር ሰው ያመጣው ግርምት አለ። ዶላር 57 ብር አካባቢ በነበረ ጊዜ 1 ሚሊዮን ብር ከ17,000 ዶላር በላይ ነበር። በ125 ብር ሲሰላ ያው 1 ሚሊዮን ብር 8,000 ዶላር ብቻ ነው። አንድም ብር ሳይነሳ ሂሳቡ ከመስመሩ በታች ወርዷል ማለት ነው።

በአገሩ የሚነግድ ስደተኛን በዚህ ቅጽ ምክንያት የገጠመው ትልቁ ክርክር የአሌክሳንድሩ ቢትነር ነው። ሮማኒያ ተወልዶ ያደገው ቢትነር ወደ አሜሪካ ተሰዶ ዜጋ ሆነ። ኮሙኒዝም ሲወድቅ ተመልሶ በትውልድ አገሩ ንግድ አስፋፋ። ማሳወቂያውን ሳያቀርብ የቀረባቸው 5 ዓመታት ሲመረመሩ 272 ሂሳቦች ተቆጠሩ። መንግሥት በየሂሳቡ 10,000 ዶላር እያሰበ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጠየቀ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነ፦ ሆን ተብሎ ባልተደረገ ጥፋት ቅጣቱ በሂሳብ ብዛት ሳይሆን ባልቀረበው ዓመታዊ ሪፖርት ብዛት ይሰላል። ዕዳው 50,000 ዶላር ሆነ። ቢትነር ዜጋ ነበር፤ ደንቡ ግን በሥራ ቪዛ ያለውን ነዋሪም እኩል ይይዛል። ከባዕድ ኩባንያ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ላለው ደግሞ ቅጽ 5471 የሚባል ሌላ ወረቀት አለ፤ የዚያም ቅጣት ከ10,000 ዶላር ይጀምራል። አዳማ ላይ የተቋቋመች አንዲት ትንሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይህን ሁሉ ወረቀት ታስነሳለች ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

ይህ የወዲያኛው ጎን ነው። ንግዱ የሚኖረው ወይም የሚሞተው ግን በወዲህኛው ነው፤ ይኸውም በውክልና።

ቪዛው የባለቤቱን እጅ ያስራል፣ ውክልናው ደግሞ እጁን ለሌላ ያውሳል። ሰነዱ የሚጀምረው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ነው። እዚያ ይፈረማል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰዉ አሁንም «ውልና ማስረጃ» እያለ በሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። ብዙ ሰው በዚህ ጉዞ ላይ የሚያስበው ስለ ማኅተሙ ነው። ውስጡ ምን ተጻፈ የሚለው ይረሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ነገሩን የሚለየው ውስጡ ባለው ቃል ነው። በአንቀጽ 2204 መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ተወካዩን የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መክፈልን የመሰለ። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም በዋስትና ማስያዝ፣ ካፒታል ማዋጣት፣ መታረቅ፣ ስጦታ መስጠት፣ በፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር ግን በአንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ።

ችግሩ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። አንዱ ሰው ጠባብ ውክልና ይልክና ወንድሙ ባንክ ቤት፣ ወረዳ፣ ገቢዎች በሄደ ቁጥር «ይህ አልተጻፈም» ተብሎ ይመለሳል። አንዲት ቃል ለማስጨመር ባለቤቱ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ እንደገና ኤምባሲ ይሰለፋል። ሌላው ይህን ፈርቶ ጸሐፊው ያቀረበለትን ረጅም ዝርዝር፣ መሸጥ መለወጡን፣ ማስያዝ መበደሩን፣ ሁሉንም ይፈርማል። ዳቦ ቤት እንዲያስተዳድር የተላከው ወንድም በዚያ ወረቀት ቤቱን አስይዞ ሊበደር ይችላል። ሥልጣኑን ማን ሰጠው ቢባል ባለቤቱ ራሱ ነው። ጸሐፊዎቹ ዝርዝሩን የሚያረዝሙት ደንበኛው ሁለት ጊዜ እንዳይመጣ ብለው ነው፤ በቅንነት ነው እንግዲህ።

ሕጉ ለወካዩ የሰጠውን መሣሪያ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ተወካይ በጠየቁት ጊዜ ሁሉ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ወካዩ ሥልጣኑን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ «አልሽርም» ብሎ ቢዋዋል እንኳ ቃሉ ዋጋ የለውም። ግን ታናሽ ወንድምን «ሒሳብ አቅርብ» ማለት በእኛ ቤት ቀላል አይደለም። አባት ቅር ይላቸዋል፣ እናት «ወንድምህን ሌባ ልታደርገው ነው?» ይላሉ። ሒሳብ ሳይጠየቅ ሦስት ዓመት ያልፋል፤ በአራተኛው ዓመት ሽማግሌ ይቀመጣል።

የዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ከእነዚህ ጠቦች ብዙዎቹ የሚነሱት ከሌብነት ሳይሆን ደመወዝ ካለመኖሩ ነው። ወንድሙ ሌሊት ተነስቶ ሊጥ ያስቦካል፣ ጄኔሬተር ያስጠግናል፣ ከወረዳው ጋር ይነታረካል። የተነገረው ደመወዝ ግን የለም፤ «የቤተሰብ ነው» ተብሏል። እሱም የሚያስፈልገውን ከካዝናው ያነሳል፣ የሚያነሳውም አይጻፍም። በወር የሚከፈለው ቢታወቅ፣ የሥራ ግብሩና የጡረታ መዋጮው፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በወጉ ቢገባ ነገሩ መልክ ይይዛል። ሽያጩ በቴሌብር ወይም በድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ከገባ ደግሞ ባለቤቱ «ስንት ተሸጠ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ስልኩ ላይ ያየዋል። ባለመኪኖች ነገሩን ቆርጦ መዋዋል ከጀመሩ ቆይተዋል። ራይድ በተባለው በስልክ የሚጠራ የታክሲ አገልግሎት ላይ መኪና ያሰማራ ሰው ከሾፌሩ ጋር ቁርጥ ያለ የቀን ገቢ ይዋዋላል፤ ከዚያ በላይ የተገኘው የሾፌሩ ነው። ጭቅጭቁ ይቀንሳል፣ መኪናው ግን ቶሎ ያረጃል።

የቀን መቁጠሪያው ራሱ ሁለት ነው። በኢትዮጵያ የግብር ዘመኑ ሰኔ 30 ያልቃል። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ለዚያም ከገቢዎች ክሊራንስ ያስፈልጋል። ፈቃዱን በኢንተርኔት ማደስ መቻሉ ለውጭ ነዋሪው ትልቅ እፎይታ ነው። የአሜሪካው የግብር ማሳወቂያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ላይ ይደርሳል፣ በጥርና በታኅሣሥ መካከል ያለውን ገቢ ይጠይቃል። አንዱ ዳቦ ቤት በሁለት ዓመት አቆጣጠር ሁለት ጊዜ ይሰላል።

አንዳንድ ነገር ደግሞ በማንም እጅ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዚያው ዕለት ዶላርን በ74.73 ብር ገዛ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዶላር ለሚልክ ሰው ጮቤ የሚያስረግጥ ነበር። አገር ቤት ያለውን የብር ትርፍ በዶላር እያሰበ ለሚያስቀምጥ ግን ግማሽ ሀብቱ የሄደ ያህል ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በክልሉ ስልክም ባንክም ተዘጋ። መቀሌ ሱቅ የነበረው የዋሽንግተን ወይም የዱባይ ነዋሪ ሱቁ ይኑር አይኑር ሳያውቅ ከረመ፤ ባንኮች በዘላቂነት ዳግም መከፈት የጀመሩት ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፒያሳን ሲያነሳ፣ የተከራየ ሱቅ የነበራቸው ብዙዎች ዕቃቸውን በቀናት ውስጥ ማውጣት ነበረባቸው። ማስታወቂያው የሚደርሰው እዚያ ላለ ሰው ነው።

ወደ ሪያድ እንመለስ። ሳዑዲ ውስጥ የግል ገቢ ግብር የለም፤ የባንክ ማሳወቂያ ቅጽ የሚሞላም የለም። የሳዑዲ የሥራ ሕግ የውጭ ሠራተኛ በግሉ እንዳይሠራ የሚከለክለው በዚያው አገር ውስጥ ነው፤ የኮልፌውን ሱቅ አይመለከትም። ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የመጣው አሠሪ የመቀየር ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ኤምባሲው ሪያድ፣ ቆንስላው ጅዳ ነው፤ ከቤት ለመውጣት ፈቃድ የምትጠይቅ ሴት ለውክልና የምትሄድበት ቀን ከየት ይመጣል? ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ውክልና የሚባል ነገር ሳይኖር ገንዘቡ ብቻ ይላካል። ሱቁ በተቀባዩ ስም ይከፈታል፣ ንግድ ፈቃዱም ቲን ቁጥሩም የእሱ ይሆናል።

እዚህ ላይ ተቀባዩ ማን ነው የሚለው ሁሉን ይለውጠዋል። ገንዘቡ የተላከው ለባሏ ከሆነ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ይደግፋታል። በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ነው የሚያስረዳው። የተላከው ለወንድሟ ወይም ለአክስቷ ልጅ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ግምት የለም። የራሷ መሆኑን የምታስረዳው እሷ ናት፤ የምትይዘውም የሀዋላ ደረሰኝ ካለ እሱን፣ የዋትስአፕ መልእክት ካለ እሱን ነው። በጥቁር ገበያ የላከች ሴት ደረሰኝም የላትም። ለአንድ ዶላር የተጨመሩላት ጥቂት ብሮች በኋላ ማስረጃዋን የበሉባት ናቸው።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳዑዲ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። ቦሌ ሲወርዱ ብዙዎቹ በእጃቸው የነበረው የለበሱት ልብስና አንድ ፌስታል ነበር። የላኩት ገንዘብ ሱቅ የሆነላቸው፣ ቤት የሆነላቸው፣ ወይም ምንም ያልሆነላቸው መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው።

ስማቸው የገነነው ተመላሾች አብዛኞቹ ንግዱን ከሩቅ የመሩ አይደሉም። ቦስተን ለዓመታት ኖረው የኩሪፍቱ ሪዞርትን የመሠረቱት አቶ ታዲዮስ በለጠ ቢሾፍቱ ውስጥ በሐይቅ ዳር የሠሩት እዚሁ መጥተው፣ እዚሁ ተቀምጠው ነው። በሥራ ቪዛ ላይ ያለው ሰው ይህ ምርጫ ገና አልደረሰለትም፤ ወይም 6 ዓመቱ ሞልቶ፣ ግሪን ካርዱ ሳይመጣ፣ ሳይመርጠው ይደርስበታል።

ያን ዕለት የሲልቨር ስፕሪንጉ ባለሙያ አዳማ ይገባል እንበል። ከዘመድ ጥየቃው በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ውልና ማስረጃ ሄዶ በራሱ ፊርማ ለወንድሙ የሰጠውን ሥልጣን በራሱ ፊርማ መሻር ነው። ለዚህ የወንድሙ ፈቃድ አያስፈልግም፣ መገኘቱም ግድ አይደለም። ወንድሙ ግን አብሮት ይሄዳል፤ የዳቦ ቤቱ ቁልፍ፣ የባንክ ደብተሩና የዱቄት አቅራቢው ስልክ ቁጥር ያሉት እሱ ዘንድ ነው።